ጥለቱ ወደ ላይ

መምህር ታዴዎስ ወሰንየለሽን በድለዋታል። በደሉ አጭር ነው፦ መጽሐፏን የጻፍኩት እኔ ነኝ አሉ።

ወሰንየለሽ ባህሬን ውስጥ በአንድ የሀበሻ ምግብ ቤት አራት ዓመት ስትጨፍር ኖራ የተመለሰች ሴት ናት። ያየችውን ሁሉ በአምስት ደብተር ጻፈች፤ አሳታሚ ደጅ ሳትጠና በራሷ አሳተመችው። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፍተዋልና ደብተሮቹን ለእሳቸው ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ ለታይፒስታቸው አሳለፏቸው። ሽፋኑን ግን «እሱን ለእኔ ተዪው» ብለው ራሳቸው አሠሩት። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት እንደመጣ፣ «የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠች ሴት ሁለት መቶ ገጽ ከየት ታመጣለች? እሷ አወራችልኝ፣ እኔ ጻፍኩት» እያሉ ማውራት ጀመሩ። ሰውም አመነ። ለማመን ምን ያስቸግራል?

የምረቃው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሴቻ ወዳለው አዳራሽ ስትገባ የመርሐ ግብሩን ወረቀት ሰጧት። «ባለታሪክ፦ ወሰንየለሽ» ይላል። ከሥሩ፣ «ጸሐፊ፦ መምህር ታዴዎስ»። ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። የመድረክ መሪው ሀብተጊዮርጊስ ይህን በማይክሮፎን አንድ ጊዜ ካነበበው በኋላ ማን ይመልሰዋል?

አልጮኸችም። መምህሩ ፊተኛው ረድፍ ላይ አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው ተደላድለዋል። እሷም ሄዳ ልክ ከኋላቸው ተቀመጠች፤ ከጨንቻ የመጣችውን ጓደኛዋን፣ የሸማኔ ሚስት የሆነችውን ወለቴን ጠርታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ጩኸት ባልሆነ፣ ግን አንድ ረድፍ ለመሻገር በማይሰንፍ ድምፅ ጀመረች።

«ወለቴ፣ መጣሽልኝ? ከዚያ ብርድ ወርደሽ ሙቀቱ አልገደለሽም? ያን ጋቢ አውልቂው እንጂ፣ እዚህ ማንን ይበርደዋል። ዓሣ ሳልገዛልሽ አልሰድሽም፤ ዛሬ ከጫሞ ሐይቅ የገባው ደህና ነው አሉ። ባልሽስ እንዴት ነው? እጁ አሁንም ሸማው ላይ ነው? … ተባረክ ብላሃለች በይልኝ። ሙያ ያለው ሰው ደስ ይለኛል። ሙያ ያለው ሰው የጎረቤቱን ሸማ አንስቶ እኔ ነኝ የሸመንኩት አይልም። ምን ያደርግለታል? የራሱ አለው …

«ሙያ ካነሳን አይቀር፣ አንድ የማከብራቸው ሰው አሉ። ስም አልጠራም፤ ስማቸው እንደሆነ መጠራት አልጎደለውም፣ በየወረቀቱ አለ። እንዲህ ያለ ሰው አይተሽ አታውቂም። ፓስፖርት የላቸውም። አውሮፕላን የሚያውቁት ከአርባ ምንጭ ማረፊያ አጥር ውጭ ቆመው ነው። ግን ባህሬን አራት ዓመት ጨፍረዋል … በዚያ ወገባቸው። እስኪ አስቢው። ለካ እኔ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ በጨው ውኃ ስዘፈዝፍ፣ ያበጠው የእሳቸው ኖሯል። ትዕግሥታቸው ነው የሚገርመኝ። አንድ ቀን እንኳ እዚህ ጋ አመመኝ አላሉም።

«ዕውቀታቸውስ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ሱቁ ስኳር ያጣ ቀን ትምህርትም የለም። አሁንም ሳነብ ጣቴ ከመስመሩ አይነሳም። እሳቸው ግን ተምረዋል። የተማረ ሰው መጽሐፍ መግለጥ ምን ያደክመዋል? … ሽፋኑን ዳበስ ካደረገ ይበቃዋል።

«ሽፋኑን አይተሽዋል? አንሺው እስኪ፣ ወደ ብርሃኑ አድርጊው። ልጅቷ ቆንጆ ናት አይደል? ትከሻዋ፣ ጥርሷ፣ ሁሉም ደህና ነው። አሁን ነጠላዋን እዪልኝ። ጥለቱ የት ነው? … አትሳቂ፣ አንቺ የሸማኔ ሚስት ነሽ። አንገቷ ላይ ነው አይደል? ጥለቱ ወደ ላይ፣ አገጯ ድረስ። እኛ ጥለቱን ወደ ላይ የምናደርገው የት ስንሄድ ነው? … እህ። ለቅሶ ቤት። ከካምባ የመጡት አክስቴ ጠዋት በር ላይ ሽፋኑን አይተው፣ ‹ማን ሞተብሽ ልጄ?› ብለው እጄን ያዙኝ። ምን ልበላቸው? ደህና ናቸው፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል ልበላቸው?»

ወለቴ የጋቢዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈችው። መምህሩ ማጅራታቸውን አሻሹ፤ ዞር ሊሉ ብለው ተዉት። ከኋላ የተቀመጡ ሴቶች ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

«እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ሳስብ አደርኩ። ከዚያ ገጽ አርባ ሦስትን ገለጥኩ። ግለጪው እስኪ … እናንተም ግለጡት እህቶቼ፣ ሰምታችሁኝ የለ። ባህሬን በገባሁ ሰሞን የምግብ ቤቱ ኃላፊ፣ አገራችንን የማያውቅ ሰው፣ ጥለቱ በፎቶ እንዲወጣለት ብሎ የስድስታችንንም ነጠላ ወደ አንገታችን አዞረው። አለቃ ነው፣ ምን እንበል? ሦስት ሳምንት ሙሉ ለቀስተኛ መስለን እስክስታ ወረድን። አንዲት ሀበሻ ደንበኛ ምግቧን ትታ ተነስታ፣ ‹እግዜር ያጽናችሁ› እያለች ስድስታችንንም ሳመችን። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ከመድረክ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ ነጠላዬን ሰው እንዲነካው አልፈቀድኩም። ይኸው ሁሉም ተጽፏል፣ ገጹ ሞልቶ።

«እና ወለቴ፣ ይሄን ገጽ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው ሽፋኑን ሲያሠራ ያንኑ ስህተት ይደግመዋል? … አይደግመውም። እሳቸው አውቀው ነው። ትሕትናቸው ነው። ‹እኔ አልጻፍኩትም› ብለው በአፋቸው ቢናገሩ ይህ ሁሉ አክባሪያቸው አላመንም ይላል። ስለዚህ በሥዕል አሠርተው፣ ባለቀለም አድርገው፣ ሽፋኑ ላይ አወጡልኝ። ስምንት መቶ ኮፒ። ለእኔ ብሎ እንዲህ የሚመሰክር ማን አለኝ? እናቴ እንኳ አንድ ጊዜ ነው የምትመሰክረው።»

የገጽ መገላበጥ ድምፅ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተዛመተ፤ ሳቁም ተከተለው። ሀብተጊዮርጊስ ምን ተገኘ ብሎ ከመድረክ ወረደ። አንዷ አርባ ሦስተኛውን ገጽ ገልጣ ሰጠችው። ቆሞ አነበበ። መጽሐፉን አጥፎ ሽፋኑን አየ። ከዚያ የመርሐ ግብሩን ወረቀት አየ፣ መምህሩን አየ። መምህሩ የኮታቸውን ቁልፍ ሲፈቱና ሲቆልፉ ነበር። ሀብተጊዮርጊስ እስክሪብቶ አወጣና አንዱን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዘው። መድረክ ላይ ወጥቶ ያነበበው አንድ ስም ብቻ ነው።

ወሰንየለሽ ጭብጨባው ውስጥ ስትወጣ እግሯ ወለሉን የነካው አይመስልም። የባህሬን መድረክ እንኳ እንዲህ አልቀለላትም ነበር።

ፊርማ ሲጀመር ሰው ተሰለፈ። መምህር ታዴዎስም፣ ሳይሰለፉ መቅረት ከመሰለፍ ይልቅ የሚታይ ሆኖባቸው፣ ተራቸውን ጠብቀው መጡ። መጽሐፋቸውን ዘረጉላት። ገጾቹ ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጡ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ወሰንየለሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው፣ የመጀመሪያውን ገጽ በጥፍሯ ቀስ ብላ አላቀቀችው፣ ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈች። መጽሐፉን በሁለት እጇ መለሰችላቸውና እንደ ታላቅ ወንድም ቆጥራ እጅ ነሳቻቸው፦

«እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፣ መምህር … አንብበው እስኪጨርሱት ድረስ።»