ከመስታወቱ ሥር

(ከዋና ከተማው በራቀ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በውሃ ምህንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ በዶ/ር አስካል ቢሮ፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ያስተማሯት፣ አሁን ተመልሰው ለመቀጠር ያመለከቱት መምህር ፈቃደሥላሴ ናቸው።)

አስካል፦ ይህ አይበቃም፣ መምህር። ቅጹ «ዩኒቨርሲቲያችንን ለምን መረጡት? ጠንካራ ጎኖቹን ይግለጹ» ይላል። እርስዎ «ጥሩ ነው» ብለው አለፉት።

ፈቃደሥላሴ፦ ጥሩ ስለሆነ ነዋ። ደግሞስ ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ለይስሙላ የተቀመጠ ጥያቄ።

አስካል፦ እኔ አነበዋለሁ። የቅጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ። ሦስቱ አባላት ፈርመውልዎታል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

ፈቃደሥላሴ፦ እንደሱ ከሆነ ይጻፉልኝ፣ ዶክተር። ቤተ ሙከራው ትልቅ ነው።

አስካል፦ ገብተው አይተውታል?

ፈቃደሥላሴ፦ በመስኮት።

አስካል፦ በመስኮት ካዩትማ የሙከራውን የውሃ ቦይ አላዩትም። አሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ ተማሪና መምህር አብረው ሲሚንቶ አቡክተው የሠሩት። ካቦኩት ልጆች ሁለቱ ዛሬ ግድብ ላይ መሐንዲስ ናቸው። ይቀጥሉ።

ፈቃደሥላሴ፦ ለምርምር ጊዜ ይሰጣል። ለመምህሩ መኖሪያ ቤት አለ። ተማሪውም ከየክልሉ ነው የሚመጣው፤ አንድ ዶርም ውስጥ አራት ቋንቋ ይሰማል። ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?

አስካል፦ አዎ። ግን ሲጨርሱ «አልተፈተኑም» አልልዎትም።

ፈቃደሥላሴ፦ ምን ለማለት ነው?

አስካል፦ እንደርስበታለን። ሲለቁ በመሸኛው ግብዣ ላይ የተናገሩት ትዝ ይልዎታል?

ፈቃደሥላሴ፦ ግብዣ ላይ ሰው ብዙ ይናገራል።

አስካል፦ «እዚህ የሚቀር መሄጃ ያጣ ነው» አሉ። የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆኜ ተማሪዎቹን ወክዬ ስጦታ ያቀበልኩዎት እኔ ነበርኩ። ጃንጥላ ነበር። ተቀብለውኝ ፊቴን እንኳ አላዩም።

ፈቃደሥላሴ፦ የሄድኩበት ኮሌጅ ተዘጋ። ስምንት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ልጆቼ ከሥራ ሲገቡ ከሶፋ ተነስቼ በር የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። አሁን መሄጃ ያጣሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው አልኩት። ደስ አለዎት?

አስካል፦ ደስ አለኝ። አልዋሽዎትም።

ፈቃደሥላሴ፦ እንግዲያው ይፈርሙ።

አስካል፦ ትልቁን ጎኑን አልነገሩኝም።

ፈቃደሥላሴ፦ የድሃ ልጅ ይማርበታል። አልጋ አለው፣ ምግብ አለው፤ የሌለው ተብሎ ከበር አይመለስም።

አስካል፦ እውነት ነው። አባቴ መናኸሪያ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር፤ ይህ ባይኖር እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም። እኔ የጠየቅኩት ግን ሌላ ነው።

ፈቃደሥላሴ፦ አላውቀውም።

አስካል፦ ይህን ጠረጴዛስ ያውቁታል?

ፈቃደሥላሴ፦ የእኔ ነበር። እስካሁን አልጣላችሁትም? የታችኛው መሳቢያ እስከ መጨረሻው አይዘጋም ነበር።

አስካል፦ የመንግሥት ንብረት ዝም ብሎ አይጣልም። ኃላፊ ሆኜ ስገባ አናጢ ጠርቼ መሳቢያውን አስፈታሁት። ከኋላው ተጨማዶ ይህ ወረቀት ወጣ። ስሙን ያንብቡት።

ፈቃደሥላሴ፦ አስካል ደምሳሽ። የሃይድሮሊክስ ማጠቃለያ ፈተና። አልታረመም።

አስካል፦ አልታረመም። በክፍሉ ሁሉ ፊት «ላልተፈተንሽው ማርክ አልፈበርክልሽም» አሉኝ። በፈተናው ቀን የተገኙት ዝርዝር ላይ ፈርሜያለሁ ብል «ሌላ ሰው ፈርሞልሽ ነው» አሉ። ኤፍ ሰጥተው አስባረሩኝ።

ፈቃደሥላሴ፦ ፈልጌው ነበር እኮ። ቤቴን በረበርኩ፣ መኪናዬን በረበርኩ...

አስካል፦ እንደጠፋብዎት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ፈቃደሥላሴ፦ ከመሳቢያው ኋላ ማየት ግን አልመጣልኝም።

አስካል፦ መምህር፣ ያውቁ ነበር?

ፈቃደሥላሴ፦ አውቅ ነበር። የመቶ ሃያ ልጅ ወረቀት ስቆጥር አንድ ጎደለኝ። የማዕረግ ዕድገቴ ኮሚቴ ፊት ነበር፤ ወረቀት ጣልኩ ብዬ ባመለክት ይቀርብኝ ነበር።

አስካል፦ እኔ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጥኩ። አባቴን መናኸሪያ ላይ «ያቺ ልጅህስ?» ሲሉት ሻንጣ አንስቶ ይሄድ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አቤቱታዬን ሰምቶ መልሶ ሲቀበለኝ እሱ በሕይወት አልነበረም። ሳትፈተን ቀርታ ተባረረች ብሎ አምኖ ነው የሞተው። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈቃደሥላሴ፦ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አስካል።

አስካል፦ ይቅርታው ይቆየን። ቀዩ እስክሪብቶ ይኸው፤ ያርሙት።

ፈቃደሥላሴ፦ አሁን?

አስካል፦ አምስት ጥያቄ ነው። ያኔም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅኩዎትም።

ፈቃደሥላሴ፦ አንደኛው ልክ ነው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩን አግኝተሻል፣ መለኪያውን አልጻፍሽም። ልለፈው?

አስካል፦ ይቀንሱ። ከእርስዎ ግማሽ ነጥብ በነፃ አልፈልግም።

ፈቃደሥላሴ፦ አራተኛው... ይህን መንገድ እኔም አላስተማርኳችሁም። ከየት አመጣሽው?

አስካል፦ ከቤተ መጻሕፍት። እሱንም ጠንካራ ጎን ውስጥ ይጻፉት።

ፈቃደሥላሴ፦ አምስተኛውን ሳትጨርሺው ቀርተሻል። ከሃምሳ አርባ ስድስት።

አስካል፦ ይፈርሙበት። ከሥሩ ለምን እንደዘገየም ይጻፉ።

ፈቃደሥላሴ፦ «ተማሪዋ ተፈትናለች። ወረቀቱን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅኩም ደበቅኩ።» ይበቃል?

አስካል፦ ቀኑን።

ፈቃደሥላሴ፦ ይኸው። እንግዲህ ዲኑ ጋ ይዘሽው ትሄጃለሽ፣ የእኔም ነገር እዚህ ላይ ያበቃል።

አስካል፦ አያበቃም። ቅጥርዎ ይኸውና፣ ፈረምኩ። ማስተማሩን ያውቁበታል፣ ልጆቼም የሃይድሮሊክስ መምህር የላቸውም። ቅጹ ላይም «ከደጁ የወጣን መልሶ ይቀበላል» ብለው ይጨምሩበት፤ ትልቁ ጎኑ እሱ ነው። እኔን ተቀበለኝ፣ እርስዎንም ተቀበለዎት።

ፈቃደሥላሴ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ምን ብዬ...

አስካል፦ አልጨረስኩም። ከሰኞ ጀምሮ ይህን ጠረጴዛ ይረከባሉ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ከተነጠፈው መስታወት ሥር ይሆናል፣ ጽሑፉ ወደ ተማሪው ወንበር ዞሮ።

ፈቃደሥላሴ፦ ማርኬ ተሳስቷል ብሎ የሚመጣ ሁሉ ሊያነበው?

አስካል፦ አንብቦ እንዲጠይቅዎት።

ፈቃደሥላሴ፦ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ሦስት ዓመት በየቀኑ? ከዚህስ አለመቀጠር ይሻለኛል።

አስካል፦ በሩ አልተቆለፈም። እኔን ያኔ «የቱ ይሻልሻል» ያለኝ የለም።

ፈቃደሥላሴ፦ መስታወቱ ከባድ ነው። ብቻሽን አታነሺውም።

አስካል፦ በዚያ በኩል ይያዙልኝ። ወረቀቱን የማስገባው ግን እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ እርስዎ እጅ አይገባም።