ከማደያው ጎን ያለው ጉድጓድ

ሀገረ ሕይወት ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የነዳጅ ማደያ ፈርሶ፣ ተቀብሮ የኖረው ታንክ ሲወጣ ሆዱ በዝገት ተበስቶ አገኘነው። ነዳጁ በአፈሩ ውስጥ የት ድረስ እንደሄደ እንድመረምር የተላክሁት እኔ ነበርኩ፤ መሣሪያዬም አካፋና አፍንጫ ነው። እየቆፈርን፣ እያሸተትን ከጎረቤቱ ከኦቦ ቶሎሳ ጓሮ ደረስን። ከጉድጓዳቸው የተቀዳ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። ባሸተው ላምባ ላምባ አለኝ።

«እሱ እንኳ የታንኩ አይደለም» አሉኝ ሽማግሌው። «የባለቤቴ ጥፋት ነው። ኩራዝ በሞላችበት እጇ ውሃ እየቀዳች አበላሸችብኝ። ስንት ዓመት ‹ታጠቢ› እያልኩ ጮህኩባት!»

«ይሄንንስ የቀዳው ማነው?»

«እኔ ነኛ። እሷማ ካረፈች ሁለት ዓመቷ።»

የተናገሩትን እሳቸውም ገና ያን ጊዜ የሰሙት መሰለኝ፤ ጣሳውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አሸተቱት። «‹ታጥቤያለሁ› ትለኝ ነበር» አሉ። «እጇን እስኪላጥ ድረስ በአመድ ትፈትገው ነበር።»

ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙኝ። «ጓድ፣ እጇ ንጹሕ እንደነበር ወረቀትህ ላይ ጻፍልኝ።»

ቅጹ ለአፈርና ለውሃ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አልነበረውም። ከፊርማዬ በላይ ጻፍኩላቸው።