ለማስተዋል የመጣ ሽማግሌ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሞጣ ከተማ፤ መብራት ጠፍቶ በቆመው ወፍጮ ቤት ውስጥ ያሉት ባለወፍጮው አቶ እንዳላማውና ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጃቸው ማስተዋል ብቻ ናቸው፤ እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሷ ፎርም ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

እንዳላማው፦ አልፈርምም አልኩሽ እኮ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።

ማስተዋል፦ ዛፉ አንድ ነው አባዬ። አምስት ዓመት ተምሬ ሁለት ዲግሪ እይዛለሁ፤ አንዱ ፋይናንስ፣ አንዱ ቴአትር ጥበባት።

እንዳላማው፦ ፋይናንሱን እፈርማለሁ። ሌላውን ሰርዢው።

ማስተዋል፦ ፊርማው ለሁለቱም አንድ ነው። ፎርሙን አስፈርሜ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ካልተመለስኩ ቴአትሩ ቀረ፣ በፋይናንስ ብቻ ቀረሁ።

እንዳላማው፦ ተመስገን ነዋ። አሁን ባንክ ቤት መስኮት ሥር ተቀምጠሽ ልታለቅሺ ነው? ሰው ብሩን ሊያወጣ ሲመጣ ልትሞቺበት?

ማስተዋል፦ ብድር ከልክሎ ሰውን እያሳቀ የሚሸኝ፣ ቴአትር የተማረ ብቻ ነው።

እንዳላማው፦ ትናንት መምሬ በላይ ልጅህ ምን ትማራለች ቢሉኝ፣ ሒሳብ አልኳቸው። ቀጥዬ ደግሞ ማልቀስ ትማራለች ልበላቸው?

ማስተዋል፦ ማልቀስማ አንተ ያለ ዲግሪም ትችልበታለህ።

እንዳላማው፦ እኔ?

ማስተዋል፦ ለጎረቤታችን ለዘላለም ሚስት ልትጠይቁ አቶ ደመላሽ ቤት ሽማግሌ የሄዳችሁ ዕለት። እማዬ ሁሉንም ነግራኛለች። መጀመሪያ የሌለብህን ሳል ሳልክ። ከዚያ የዘላለም አባት አልጋ ላይ ሆኖ ነው የላከኝ ብለህ ዕንባህን አወረድከው። የዘላለም አባት አጥሩ ጥግ ቆሞ ሸንኮራ ይበላ ነበር።

እንዳላማው፦ ያ ሽምግልና ነው፤ ቴአትር አይደለም። ደግሞስ ልጅቷን አላመጣንም?

ማስተዋል፦ ጥሎሹንስ? ሁለት በሬ ያሉህን በአንዲት ጥጃ የጨረስከው በምን ትምህርት ነው? ያ ፋይናንስ ነው። ሁለቱንም ይዘህ ስትሠራ ይኸው ሃያ ዓመትህ።

እንዳላማው፦ ጥጃዋም ቢሆን እንዲህ የምትናቅ አልነበረችም። ምን እያደረግሽ ነው? ጋቢዬን አስቀምጪ። ከዘራውንም።

ማስተዋል፦ እንደምን ዋላችሁ፣ እናንተ ቤቶች?

እንዳላማው፦ ማስተዋል፣ ሰው ያየናል።

ማስተዋል፦ ማስተዋል እዚህ የለችም፤ የመጣነው ስለ እሷ ነው። ዩኒቨርሲቲው ልኮን፣ ልጅዎን ለፋይናንስና ለቴአትር ይስጡን ልንል ነው።

እንዳላማው፦ አንዲት ልጅ ለሁለት ባል?

ማስተዋል፦ ባሉ አንድ ነው። ጠዋት ይደምራል፣ ከሰዓት ይተውናል።

እንዳላማው፦ ይጠጣል?

ማስተዋል፦ መድረክ ላይ ብቻ። እሱም ውኃ ነው።

እንዳላማው፦ ጠባዩስ?

ማስተዋል፦ ከጥሩ ቤት ነው። ትንሽ ይጮኻል እንጂ።

እንዳላማው፦ እንግዲህ ዘመድ ሳይሰማ የሚሆን ነገር የለም። ዛሬ ሳምንት ተመለሱ።

ማስተዋል፦ እግዜር ይስጥልን። እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።

እንዳላማው፦ ማነው ያለው?

ማስተዋል፦ አንተ ነህ አባዬ። ከሽምግልና በተመለስክ ቁጥር።

እንዳላማው፦ ወይ ጉድ፣ በገዛ አፌ ያዝሽኝ። ቀጠሮውን ሰርዤዋለሁ። እምቢ።

ማስተዋል፦ እንግዲያው እሺ እስክንባል አንቀመጥም።

እንዳላማው፦ ቁሚያ። እኔ ደመላሽ ቤት ሦስት ሰዓት ቆሜያለሁ፤ ያውም እግሬ አብጦ። ያ ልበ ድንጋይ አይቶ አይቶ በመጨረሻ ቁጭ በሉ አለን። ሽማግሌ ቁጭ በሉ ከተባለ ደግሞ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ ቢጸጸቱም አይመለስም። እንደዚያ ብሎ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው እዚህ ወፍጮ ቤት እህሉን አያስፈጭም፣ ብያለሁ።

ማስተዋል፦ ሰምተናል።

እንዳላማው፦ ሰው ልኮ ሳይሆን ራሱን ሽማግሌ አድርጎ የመጣ ገና ዛሬ አየሁ። መብራቱ ምነው ዘገየ?

ማስተዋል፦ ማክሰኞም እንዲሁ እስከ አሥር ሰዓት ጠፍቶ ነበር ብላለች እማዬ።

እንዳላማው፦ የወይዘሮ ጥሩዬ ጤፍ ይኸው ሳይፈጭ ሊመሽበት ነው። ኋላ መጥተው እኔን ይቆጡኛል እንጂ መብራቱን አይቆጡም። ምነው በአንድ እግርሽ ቆምሽ?

ማስተዋል፦ ጫማው አዲስ ነው። ከመናኸሪያ በእግሬ ነው የመጣሁት።

እንዳላማው፦ ባጃጅ ጠፍቶ?

ማስተዋል፦ ሞልቷል። ሽማግሌ በባጃጅ ይመጣል እንዴ?

እንዳላማው፦ እስቲ አውልቂው። ይኼ የእውነት ደም ነው ወይስ የቴአትር ትምህርቱ ነው?

ማስተዋል፦ ደም ነው።

እንዳላማው፦ ተረከዝሽ ተልጦ የለም እንዴ! እናትሽ ይኼን ብታይ ዛሬ እኔን ምሳ የሚያበላኝ የለም። የማንን ግትርነት ነው የወረስሽው፣ አንቺ ልጅ? ባክሽ እዚያ ጆንያ ላይ ቁጭ በይ።

ማስተዋል ከዘራውን ግድግዳ አስደግፋ ጆንያው ላይ ተቀመጠች። አቶ እንዳላማው የተናገሩትን ልብ ብለው ብዕር ጠየቁ። መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ከነማስተዋልና ከነፎርሙ ሄደ።