ከአፉ በላይ የሞላ ሳጥን

አውቶቡስ አምልጦኝ የአትክልት ገበያውን ሳቋርጥ፣ አጎቴን የቲማቲም ሳጥን ላይ ተቀምጠው ክዳኑን በሚስማር ሲመቱ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ክዳኑ አልገጥም አለኝ፤ ከስቼ ነው መሰለኝ» ብለው ሳቁ።

አጎቴን አደንቃቸዋለሁ። ከገበሬው ሊገዙ ማሳ ላይ ሲገኙ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው መቼ እንደሚበስል ይናገራሉ፤ ሲሳሳቱ አላየሁም። ዝናብ መንገዱን ቢቆርጠው እንኳ ዞረው ጭነቱን ከተማ ያስገቡታል። የዚህ ከተማ ሰው ቲማቲም የሚበላው እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ስላሉ ነው።

ችግሩ ምርቃታቸው ነው። ሳጥን ከአፉ በላይ ካልተቆለለ ሰው ንፉግ የሚላቸው ይመስላቸዋል። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ ዋና ደንበኛቸው ናት፤ ከስር የፈረጠ መቀበል ሰልችቷት «ዛሬም እንዲያ ከሆነ ሌላ ነጋዴ እይዛለሁ» ብላ ልካባቸዋለች።

«ታዲያ ምርቃቱን ጨመርኩላት» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የተቆጣችው እኮ አንሶባት አይደለም።»

«ልጄ፣ የተቀየመ ሰው በምን ይታረቃል? በመጨመር ነዋ።»

«የጨመሩት ሸክም ነው። የታችኛው የላይኛውን ተሸክሞ ነው የሚጓዘው።»

«ዩኒቨርሲቲው ለቲማቲም ማዘን ነው ያስተማረሽ?»

«እሱን ይተዉትና ክዳኑን አንስተው እጅዎን ወደ ስር ይስደዱ።»

እያጉረመረሙ ሚስማሩን ነቀሉ። እጃቸው ሲወጣ እስከ አንጓው ቀልቷል።

«ገና መኪና ላይ እንኳ አልወጣም» አልኩ።

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «ላዩን ቸር፣ ስሩን ጨካኝ ነዎት በይኛ።»

«እኔ አላልኩም።»

«ፊትሽ ብሎታል።»

ሳጥኖቹን አራግፈን፣ የፈረጠውን ለይተን፣ ከአፋቸው ጣት ያህል ዝቅ አድርገን ሞላናቸው። ምርቃት መተው ስለማይሆንላቸው በትንሽ ሳጥን ለብቻው አደረጉትና አብረን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን።

ኃላፊዋ ሰላምታም ሳትሰጥ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ወደ ሳጥኑ ስር ሰደደች። ደረቅ ሆኖ ወጣ።

«ይሄ ትንሹስ ምንድን ነው?»

«ምርቃት።»

«እሱን ወዲህ ይበሉት። ሌላውን ነገም በዚሁ ልክ ያምጡልኝ።»

በአንዲት ጣት ክፍተት ገበሬው የደከመበት ሳይፈስ ደረሰ፤ በሽተኞቹም ትኩስ ያገኛሉ፤ አጎቴም ደንበኛቸውን አላጡም። የዕውቀት ጥቅም ይኸው ነው፤ የጎበዝ ሰው ድካም መንገድ ላይ እንዳይቀር ማድረግ።

ስንመለስ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው «አየሽ፣ ቀንሼ ጫንኩና አብዝቼ አደረስኩ» አሉኝ፤ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የሳቸው እንደነበረ ሁሉ። አልተከራከርኳቸውም።