ከፎቶው ተቆርጦ የወጣው ልጅ

ከበርክሌ ወደ ፍሩትቬል በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን እናት ደጋግማ ካየቻቸው በኋላ በአማርኛ አናገረቻቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ምን ሆኜ፣ የኔ እናት?»

«ፎቶዎን ኦንላይን ዜና ላይ አይቼው ነው። ልጃቸውን በጦርነት ያጡ እናት ይላል።»

«ውይ፣ እሱን ነው! ዮናስ ልጄ እኮ ደህና ነው። ያለቀስኩት ኤርፖርት ስቀበለው፣ በደስታ ነው። አንድ ፎቶ አንሺ አነሳን።»

«ፎቶው ላይ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እሱን ቆርጠው አወጡታ! ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ የሱ ነው።»

«ታዲያ ዝም አሉ?»

«ምን ዝም እላለሁ! ዮናስ ዜናውን ላወጡት ሰዎች ኮል አደረገላቸው። ትናንት ይቅርታ ጠይቀው ሙሉውን ፎቶ ለጠፉት።»

«እኔ የተቆረጠውን ለስንቱ ሼር አድርጌዋለሁ! ሙሉውን ይላኩልኝ፣ ለሁሉም እልከዋለሁ።»

«መላኩን አልችልበትም፣ እንኪ ስልኩን ያዢው። ይኸውልሽ፣ እኔ ሳለቅስ እሱ ይስቃል።»

«ውይ፣ ቁርጥ እርስዎን!»

እኔም ከኋላቸው አንገቴን አስግጌ የልጁን ፊት ፈለግሁት።