እናትና አባቴ በጣልያን ፊት የተጣሉ ዕለት

በኛ ጊዜ ባልና ሚስት ሲፋቱ ከብቱንም እህሉንም ሽማግሌ ያካፍለዋል፣ ልጅን ግን ምን ብሎ ያካፍላል? እናቴ ዓባይ ማዶ ቀረች፣ አባቴ ወዲህ ሹም አቦ ከሚባል ሰፈር፣ መካከላቸው ውሃ። ድልድይ የለም፣ መሻገሪያው ደንገል ከሚሉት የውሃ ዳር ቄጠማ የተሠራ ታንኳ ነው። እኔ ከናቴ ጋር ነበርሁ፣ ለበዓል ለበዓሉ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ታዲያ ማን ያድርሰኝ? ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

አባቴ «ልጄን ለማየት የሷን ደጅ ልጠና? ታምጣልኝ እንጂ» ይላል። እናቴ ደግሞ ወገቧን ይዛ «አምጬ የወለድሁ እኔ፣ ያጠባሁ እኔ፣ ደግሞ አዝዬ ላድርስለት? የፈለገ ይምጣ» ትላለች። ሽማግሎች ሲመላለሱ ከረሙና ምን አሉ መሰላችሁ፣ «እሷ በማዶ እስከ ውሃው ታድርስ፣ እሱ በወዲህ ይቀበል፣ ውሃውን አያ እንድሪስ ያሻግራት።» አያ እንድሪስ ታንኳ ሠሪ እስላም ነው፣ ለሁለቱም ዘመድ አይደለም፣ እና ሁለቱም አመኑት።

ታዲያ በአንድ የጥምቀት ዋዜማ የቆሎ ቋጠሮዬን ይዤ ተሻገርሁ። ጣልያን ያን ሰሞን አርበኛ በውሃው ላይ መልእክት ያመላልሳል ብሎ በወዲህ ዳር አንድ ጣልያን ከነአስተርጓሚው ለዘብ አቁሞ ኖሯል። ገና ከታንኳው ስንወርድ አስተርጓሚው አያ እንድሪስን ያዘው።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?»

«የአቶ ታከለ ልጅ ናት ጌታዬ።»

«የክርስቲያን ልጅ ካንተ ጋር ምን ታደርጋለች? ደግሞ በየበዓሉ ትመላለሳለች አሉ። ምን አሸክመሃታል?»

ጣልያኑ ቋጠሮዬን ፈታና ቆሎውን በተነው፣ ሹሩባዬን ሳይቀር በጣቱ ፈተሸ። አያ እንድሪስን የፊጥኝ አሰሩት። «እናትም አባትም ቀርበው ካላስረዱ ሰውየው ወህኒ ይወርዳል፣ ልጅቱም ካምፕ ታድራለች» አለ አስተርጓሚው። ኧረ እንዴት እንዳለቀስሁ።

አባቴ ከዳር ቆሞ ሊቀበለኝ ሲጠብቅ ነበርና እየሮጠ መጣ። እናቴም ከማዶ አይታ የሰው ታንኳ ለምና፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ደረሰች። አባቴ ታዲያ ፈርቶ ዋሸ፤ «ሚስቴ ናት፣ አብረን ነው የምንኖር» አለ።

«አብራችሁ ከኖራችሁ ልጅቱ ለብቻዋ ምን ያመላልሳታል?»

እናቴ አባቴን አየችው፣ አየችውና መታገሥ አልቻለችም።

«ስንት ጊዜ ና ውሰዳት አልሁህ? ይኸው ኩራትህ ልጄን አስበላኝ።»

«የኔ ኩራት? አንቺ አይደለሽ ሰው ስልክ ውሻ የለቀቅሽብኝ?»

«ሰው? እናትህን ነዋ የላክህብኝ! እሷ አይደለች ቤቴን ያፈረሰች?»

«እናቴን ተያት ብያለሁ።»

«አልተዋትም።»

ጣልያኑ «ምን ይላሉ?» ይላል፣ አስተርጓሚው አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል፣ እስከ ሰርጋቸው ድግስ ድረስ አወጡት እኮ። ኋላ አስተርጓሚው ሳቁ አሸነፈውና «ጌታዬ፣ እነዚህ አርበኛ አይደሉም፣ የእውነት የተፋቱ ናቸው። እንዲህ ያለ ጠብ ተመክሮ አይመጣም» አለ። ጣልያኑም ነገሩ ሲገባው ሳቀና አያ እንድሪስን አስፈትቶ በእጁ ሂዱ ሂዱ አለን። እነሱ ግን አልሰሙም፣ ገና ይጣላሉ። እፎይ ያልሁት እኔና አያ እንድሪስ ነን።

አያ እንድሪስ ታስሮ የነበረ ክንዱን እያሸ «ስሙኝ፣ ከእንግዲህ ብቻዋን አላሻግርም። ከሁለት አንዳችሁ አብራችኋት ካልገባችሁ ታንኳዬን አልነካም» አላቸው። ያን ጊዜ እናቴ «በዓሉ ይቅርብን፣ ልጄን ይዤ ማዶ ቤቴ እገባለሁ» አለች፣ አባቴም አልተከራከረም፣ ጫማውን አውልቆ አብሮን ከታንኳው ገባ። ማዶ ስንደርስም እስከ እናቴ ቤት በጀርባው አዘለኝ።

«ታዲያ ታረቁ እማማ?» ትሉኛላችሁ።

ኧረ ምን ሲደረግ። መንገዱን ሙሉ ሲጣሉ ሄዱ እንጂ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሁለቱም አጠገቤ ናቸው፣ እንቅልፌን ተኛሁ።