የቁምሳጥኔ በር ያሰፋው ቤት

ቆዩማ፣ ልሳቅበትና እነግራችኋለሁ፤ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው! ደብረ ማርቆስ ያለችው አንዲቷ ክፍሌ ጠባብ ናትና ማኅበርተኞቼ «የአንቺን ተራ ሰፊ ቤት ያላት ትደግስልሽ» አሉኝ። እኔ ልሙት፣ የማርያም ጽዋ በደጄ ሊያልፍ! ይጁቤ ያለችው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ትልቅ መስታወት ብታቆሚ ቤቱ እጥፍ ይመስላል» ስትለኝ፣ የቁምሳጥኔን በር ከነመስታወቱ ነቅዬ ከመግቢያው ፊት ለፊት ገተርኩት። እውነትም ቤቴ አዳራሽ አከለ!

በዕለቱ ማኅበርተኞቹ ገብተው «ኧረ ሰፍቷል!» እያሉ ሳለ የነፍስ አባታችን መጡ። ዓይናቸው ደከም ብሏል። ገና ሲገቡ አንድ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ቄስ ብዙ ሰው አስከትለው ፊት ለፊታቸው ቆመው አዩ። እጅ ነሱ፤ እኚያም እጅ ነሱ። «ይቀመጡ እንጂ አባቴ» አሏቸው። ሽማግሌው ወይ ፍንክች! «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!» ብለው ጎንበስ ሲሉ እዚያም ጎንበስ። አባ ሳይቀመጡ ማን ይቀመጣል? ጠላው ተቀድቶ፣ ዳቦው ለቡራኬ ቀርቦ፣ ሁላችን እንደ ምሰሶ ቆመናል። የነፍስ አባትን «የሚለማመጡት ራስዎን ነው» የሚል ደፋር ጠፋ። እኔ በሳቅ ልሞት ስል መላ መጣልኝ፤ ነጠላዬን መስታወቱ ላይ ጣል አደረግሁና «ሄደዋል አባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

እፎይ ብለው ተቀመጡ፤ የተራዬን ነገር ሰምተው ኖሮ፣ ዙሪያውን አይተው ለማኅበርተኞቹ እንዲህ አሉ፦ «ተራዋን እንዳትነኩባት! ቤቷ ምን ይወጣለታል፤ አሁን የሄደውን ያን ሁሉ ሰው ጠርታ ነው እንጂ ያጠበበችው።»